መደብን ከመደብ ያዋለደው ሰው፦ የክሪስተን ኒጎርድ ታሪክ

ከመካከላችን ጃቫ ወይም ሲ ፕላስ ፕላስ የተባለውን የኮምፒዩተር ቋንቋ የተማረ ሁሉ ስለ መደብና ስለ ውርስ ሰምቷል። አንዱ መደብ ከሌላው ይወርሳል ይባላል፤ በሰሌዳው ላይ ውሻና ድመት ይሣላሉ፤ ሁለቱም ከእንስሳ ይወርሳሉ፤ ተማሪውም ይህን ጽፎ ይይዛል፣ ፈተናውንም ያልፋል። ነገሩ ከማን ራስ እንደ ወጣ፣ ሰውየውስ ምን ቸግሮት እንዳሰበው የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ለመነሻ ያህል፣ ሐሳቡን ያመጣው ውሻና ድመት አለመሆኑን ልንገራችሁ። ያመጣው የመኪና ሰልፍ ነው።

መደብ የምለው ክላስ የሚባለውን ነው። ቃሉ በእኛ ዘንድ ብዙ ሥራ ያለበት መሆኑን ዐውቃለሁ። ባለ ጉሊቷ ሽንኩርቷን የምትዘረጋበትም መደብ ነው፤ ተማሪ ሌሊቱን ሙሉ ሲከራከርበት የኖረውም መደብ ነው። እኔ አሁን የማነሣው ሦስተኛውን ነው፤ ይሁን እንጂ ታሪኩን የምነግርላችሁ ሰው ኋላ ወደ ሁለተኛው መግባቱ አልቀረም።

ነገሩ ለእኔ የተገለጠልኝ ከመማሪያ ክፍል ይልቅ ሰባተኛ ላይ ነው። አንድ ቅዳሜ ጧት ከአውቶቡስ ተራ ወደ ሰባተኛ ስሻገር መንገዱ ተዘግቶ ቆምን። ከፊት አንድ አይሱዙ ጆንያ ያራግፋል፤ ከኋላው የከተማ አውቶቡስ፣ ቀጥሎ ሁለት ሚኒባስ ታክሲዎች፣ በመካከላቸውም ካርቶን እስከ ላይ የተቆለለበት የእጅ ጋሪ ቆሟል። ሁሉም በአንድ ሰልፍ ነው። በመጨረሻ መንገዱ ሲከፈት ትራፊኩ ለእያንዳንዱ የተለየ ትእዛዝ አልሰጠም፤ እጁን አንድ ጊዜ አነሣና እለፉ አለ። የአይሱዙው ሾፌር ማርሽ አስገባ፤ አውቶቡሱ በሩን ዘጋ፤ የታክሲው ረዳት እየሮጠ ተንጠለጠለ፤ ባለ ጋሪው ጎንበስ ብሎ ገፋ። ትእዛዙ አንድ ነው፤ አፈጻጸሙ እንደየዓይነቱ። ትራፊኩ የአይሱዙን ማርሽ ማወቅ አላስፈለገውም። ነገ ማንም ያላየው አዲስ ዓይነት ተሽከርካሪ በዚያ ሰልፍ ቢገባ እንኳ እጁን እንደ ወትሮው ያነሣል እንጂ ሥራውን እንደገና አይማርም።

እንዲህ ያለውን ሰልፍ በኮምፒዩተር ውስጥ ለማቆም ሁለት የኖርዌይ ሰዎች ዓመታት ደክመውበታል። አንደኛው ክሪስተን ኒጎርድ፣ ሁለተኛው ኡሌ ዮሃን ዳል ይባላሉ። እዚህ የምተርከው የኒጎርድን ሕይወት ነው፤ ዳልን ትቶ ግን ኒጎርድን መተረክ አይቻልም። ዓመታቱን ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ጽፌአለሁ።

ክሪስተን ኒጎርድ በነሐሴ ወር 1926 በኦስሎ ከተማ ተወለደ። በ1948 ለብሔራዊ ውትድርና ሲጠራ በኖርዌይ የመከላከያ ምርምር ድርጅት ውስጥ ተመደበ፤ የሒሳብ ችሎታ ስለ ነበረው ጠመንጃውን ትቶ የእጅ ማስሊያ መኪና ይዞ ተቀመጠ። በዚያን ጊዜ አገሩ የመጀመሪያውን የአቶም ማብላያ ለመሥራት ተነሥታ ነበርና፣ ኒውትሮን የተባለችው ቅንጣት በዩራኒየሙ ውስጥ ስታልፍ ምን እንደሚገጥማት ማስላት ተፈለገ። በቀመር ብዙ ደከሙ። በመጨረሻ ቀመሩን ትተው የአንዲቱን ቅንጣት ጉዞ በዕጣ እየወሰኑ መከተል ጀመሩ፤ ከዚያም የሁለተኛዋን፣ የሦስተኛዋን፤ የብዙዎቹን ዕድል ከቆጠሩ በኋላ መልሱን አገኙ። ይህ ዘዴ በቁማር ቤቱ ከተማ ስም ሞንቴ ካርሎ ይባላል። ኮምፒዩተር ሳይኖር፣ በእጅ፣ በወረቀት የተሠራ ሥራ ነው። ኒጎርድ በ1956 በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ለማስትሬት ዲግሪው ያቀረበው ጽሑፍም ስለዚሁ ዘዴ ነበር።

ከዚህ ሥራ አንድ ልማድ ተረፈው፤ የብዙውን ነገር ጠባይ ለማወቅ እያንዳንዱን ነገር በየራሱ ጉዞ መከተል። ከ1952 ጀምሮ ኦፕሬሽንስ ሪሰርች በሚባለው ሞያ ተሠማራ። ይህ ሞያ የሠራዊትን፣ የወደብን፣ የፋብሪካን አሠራር በሒሳብ የሚመረምር ነው። መርከብ ወደብ ስትደርስ፣ ማራገፊያ ስትጠብቅ፣ ክሬን ሲጠብቃት፣ ሰው ሲሠራባት ይታያል። የሚያስቸግረው ይህን ሁሉ የሚገልጽ ቋንቋ አለመኖሩ ነበር። የዚያ ዘመን የኮምፒዩተር ቋንቋዎች ቁጥር ከቁጥር ለመደመር እንጂ አንድ መርከብ ከሌላው ጋር ተራ ሲጠብቅ ለማሳየት የተሰናዱ አልነበሩም።

ዳል በ1931 የተወለደ፣ በ1952 እርሱም በውትድርና ምክንያት ወደዚያው ድርጅት የገባ ነው። ጠባያቸው ፈጽሞ የተለያየ ነበር። ኒጎርድ ግዙፍ፣ ድምፁ የሚያስተጋባ፣ ስብሰባ የሚወድ፣ ነገር የሚያነሣሣ፤ ዳል ደግሞ ዝምተኛ፣ ፒያኖ የሚጫወት፣ አንዲቱን መሥመር ቀኑን ሙሉ የሚያጠራ ሰው ነበር። አንደኛው ዓለም እንዴት እንደ ተሠራች ያያል፤ ሁለተኛው ያየውን ነገር ማሽን እንዲሸከመው ያደርጋል። እንዲህ ያለ ጥንድ ባይገናኝ ኖሮ ነገሩ ከሐሳብ ያልፍ ነበር ብዬ አላምንም።

ኒጎርድ በ1960 ከመከላከያው ለቅቆ ኦስሎ ወደሚገኘው የኖርዌይ የኮምፒዩተር ማእከል ተዛወረ፤ ጥቂት ቆይቶ ዳልም ተከተለው። ኒጎርድ በ1962 ወደ አሜሪካ በሄደ ጊዜ ዩኒቫክ የተባለው ኩባንያ አዲሱን 1107 የሚባል ማሽን ለመሸጥ ሲደክም አገኘው። ሻጮቹ ማሽናቸውን ሊሸጡለት ሲነጋገሩ እርሱ ደግሞ ገና በወረቀት ላይ ያለውን ቋንቋውን ይሸጥላቸው ጀመር! በመጨረሻ ማእከሉ ማሽኑን በግማሽ ዋጋ ገዛ፤ በለውጡም ሲሙላ የተባለውን ቋንቋ ሠርቶ ለኩባንያው ለመስጠት ውል ገባ። በመርካቶ ቋንቋ ብንናገረው፣ ገና ያልተሸመነ ጋቢ ቀብድ አድርጎ ማሽን ወሰደ ማለት ነው። ማሽኑ በ1963 ኦስሎ ገባ፤ የመጀመሪያው ሲሙላም በ1964 መጨረሻና በ1965 መግቢያ ላይ ሥራ ጀመረ።

ወደ ዋናው ነገር ደረስን። በመጀመሪያው ሲሙላ ውስጥ መርከብም፣ መኪናም፣ ደንበኛም እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ቁጥርና የራሳቸውን ድርጊት ይዘው የሚኖሩ ነገሮች ሆኑ። ይህ ራሱ ትልቅ ነበር። ነገር ግን ሁለቱ ሰዎች ሲጠቀሙበት አንድ ችግር ደጋግሞ መጣባቸው። በድልድይ ላይ ቀረጥ የሚሰበሰብበት በር አለ እንበል፤ በበሩ ፊት የጭነት መኪናና አውቶቡስ ተሰልፈዋል። ምሳሌው የእነርሱ የራሳቸው ነው። ሁለቱም ዓይነቶች ታርጋ አላቸው፤ ሁለቱም ከፊቴ ማን አለ፣ ከኋላዬስ ማን አለ የሚል ማስታወሻ ሊይዙ ይገባል። የጭነት መኪናው ግን የጭነቱን ክብደት፣ አውቶቡሱ የተሳፋሪውን ቁጥር ለየብቻ ይይዛሉ። ሰልፉን የሚያስተናብረውን ፕሮግራም ለጭነት መኪና አንድ ጊዜ፣ ለአውቶቡስ ሁለተኛ ጊዜ፣ ነገ ለሚመጣውም ሦስተኛ ጊዜ መጻፍ ሞኝነት ነው። ሁሉንም አንድ ዓይነት ናቸው ብሎ መመዝገብም ውሸት ነው።

በእንግሊዝ አገር ቶኒ ሆር የተባለው ሊቅ በዚያው ዘመን ስለ መዝገብ መደብና ስለ ንዑስ መደብ ጽፎ ነበር፤ ሁለቱም ጽሑፉን አነበቡት፤ ረዳቸው፣ ግን አልበቃቸውም። በእርሱ አሳብ ንዑሳኑ መደቦች ሁሉ አስቀድሞ በአንድ ቦታ ተቈጥረው መታወቅ ነበረባቸው። እነርሱ የፈለጉት ደግሞ ትናንት የተጻፈ ሰልፍ ነገ የሚፈጠረውን ተሽከርካሪ ሳያውቀው እንዲቀበለው ነው። መልሱ የመጣላቸው በ1966 መጨረሻና በ1967 መግቢያ ላይ ነው። አንድ ነገር ባለ ብዙ ድርብ ይሁን አሉ። የፊተኛው ድርብ ሰልፈኛ መሆኑ ነው፤ በላዩ ተሽከርካሪነት ይደረባል፤ በዚያ ላይ የጭነት መኪናነት። ሰልፉ የሚያየው የፊተኛውን ድርብ ብቻ ነው፤ በዚያው ይይዘዋል፣ ያሰልፈዋል፣ ያሳልፈዋል፤ ከበስተኋላ የተደረበው ምን እንደ ሆነ አይመለከተውም። ይሁንና ነገሩ አንድ ነው እንጂ ሦስት አይደለም።

በአጻጻፉ አዲስ መደብ ሲታወጅ የቀድሞው መደብ ስም ከፊቱ ይጻፋል። እኛ የልጁን ስም አስቀድመን የአባቱን እናስከትላለን፤ እነርሱ አባቱን አስቀደሙ። ስለዚህም ነገሩን ቅድመ ቅጥያ ብለው ጠሩት፤ ውርስ የሚለው ስም የተለመደው ኋላ ነው። እኔ ግን የፊተኛውን ስም እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም ውርስ ሲባል ወራሹ ሌላ፣ አውራሹ ሌላ፣ ንብረቱም ከሟች ወደ ሕያው የሚሻገር ይመስላል። እዚህ የሞተ የለም። የጭነት መኪናው ራሱ ተሽከርካሪ ነው።

የትራፊኩም ነገር በዚያው ተፈታ። በፊተኛው መደብ እለፍ የሚል ትእዛዝ ስሙ ብቻ ይታወጃል፤ እያንዳንዱ ንዑስ መደብ አፈጻጸሙን በየራሱ ይጽፋል። ፕሮግራሙ ሲሮጥ ትእዛዙ የተሰጠው ነገር በእውነት ምን እንደ ሆነ ታይቶ የዚያው የራሱ አፈጻጸም ይጠራል። ለዚህ እንዲያመች በማሽኑ ውስጥ እያንዳንዱ ነገር የመደቡን ምልክት በላዩ ይዞ ይዞራል፤ ልክ ተሽከርካሪ ሁሉ ታርጋውን እንደሚይዝ።

አልፎ አልፎ ግን የፊተኛውን ድርብ ብቻ ማየት አይበቃም። ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ በሚወስደው፣ በ2014 በተከፈተው የፍጥነት መንገድ የሄደ ሰው ያውቀዋል፤ ክፍያው እንደ ተሽከርካሪው ዓይነት ስለሚለያይ ገንዘብ ተቀባዩ ምን እንደ መጣበት ማወቅ አለበት። ለዚህም ሲሙላ ሁለት ጥያቄዎችን አሰናዳ። አንደኛው፣ አንተ በትክክል የጭነት መኪና ነህን የሚል ነው። ሁለተኛው፣ አንተ ከጭነት መኪና ወገን ነህን የሚል ነው። ነዳጅ የሚጭን ቦቴ በጭነት መኪና ላይ ተደርቦ የተሠራ ንዑስ መደብ ቢሆን፣ ለፊተኛው ጥያቄ አይደለሁም፣ ለሁለተኛው አዎን ብሎ ይመልሳል። ሁለቱን ጥያቄዎች ያላለየ ተማሪ ቦቴውን ያለ ክፍያ ያሳልፈዋል፤ ይህ ስሕተት እስከ ዛሬ በየፕሮግራሙ ይገኛል። ደግሞም ፕሮግራም ጸሐፊው ይህ ተሽከርካሪ አውቶቡስ ነው ብሎ በድፍረት ሊይዘው ይችላል፤ ማሽኑ ግን ምልክቱን ይመለከትና ውሸት ሆኖ ሲያገኘው ሥራውን ያቆማል። ዝም ብሎ የጆንያውን ክብደት እንደ ተሳፋሪ ቁጥር እንዲያነብ አልተፈቀደለትም። ከእርሱ በኋላ የመጡ አንዳንድ ቋንቋዎች ለፍጥነት ሲሉ ይህን ጥበቃ ልል ማድረጋቸው ለብዙ ጉዳት በር ከፍቷል።

በ1967 ጸደይ በማእከሉ አዲስ የተቀጠረ ሰው እየሮጠ ወደ ስልክ ቤቷ ሠራተኛ ገብቶ፣ ከላይ ፎቅ ሁለት ሰዎች በጥቁር ሰሌዳ ፊት ሊደባደቡ ነው፣ ምን ይሻላል አላት ይባላል። እርሷም ጥቂት አዳመጠችና አይዞህ፣ ዳልና ኒጎርድ ስለ ሲሙላ እየተነጋገሩ ነው ብላ መለሰችው። በግንቦት ወር በኦስሎ አጠገብ ሊሴቡ በተባለው ቦታ በተደረገው ዓለም አቀፍ ጉባኤ ሐሳቡን አቀረቡ፤ ቋንቋውም ሲሙላ 67 ተባለ። በሰኔ ደግሞ ቁጥርንና ሌላውንም ዓይነት ሁሉ ወደ መደብ አሳብ ለመጠቅለል አንድ ተጨማሪ አሳብ አቅርበው ነበር፤ ቋንቋውን በየማሽኑ የሚተክሉት ባለሞያዎች ጊዜ አይበቃም ብለው አልተቀበሏቸውም። እነዚያ ሰዎች በጊዜው ትክክል ነበሩ፤ አሳቡ ግን ከብዙ ዓመት በኋላ በሌሎች እጅ ተመልሶ መጣ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ባጭሩ ልለፈው፤ በየመጽሐፉ የሚገኝ ነውና። አሜሪካዊው አለን ኬይ የመጀመሪያውን ሲሙላ አይቶ ወደ ስሞልቶክ ደረሰ፤ በዴንማርክ የተማረው ቢያርን ስትሮውስትሩፕ የሲሙላን መደብ ወደ ሲ ቋንቋ አምጥቶ ሲ ፕላስ ፕላስን ሠራ፤ ጃቫም በ1995 ከዚያው ዘር ወጣ። ዳል በ1968 በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆነ። ሲሙላ ራሱ ግን ብዙ ገንዘብ አላመጣም፤ ብዙ ተጠቃሚም አላገኘም።

ኒጎርድ ያን ጊዜ ዐርባ ዓመት አልፎት ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ስሙን ይዞ በየጉባኤው ይዞር ነበር። እርሱን ግን አንድ ነገር ይከነክነው ጀመር። በሰልፉ ውስጥ የጭነት መኪና ብቻ አይደለም ያለው፤ ሰውም አለ። ፋብሪካን በሲሙላ የሚገልጽ ሰው ሠራተኛውን በመደብ ውስጥ ያስገባዋል፤ ምን ያህል ደቂቃ እንደሚሠራ፣ ምን ያህል ሥራ ፈቶ እንደሚቆም ይጽፍለታል፤ ከዚያም አለቃው ሥዕሉን አይቶ ፋብሪካውን በሥዕሉ መሠረት ይለውጣል። ሠራተኛው ሥዕሉን አላየም፤ ቢያይም ቋንቋውን አያውቅም። መደቡን የሚደነግገው ማን ነው? ሲሙላን የሠራ ሰው ይህን ጥያቄ ከሌላው ቀድሞ መጠየቁ አያስደንቅም፤ መሣሪያው ምን ያህል ስለት እንዳለው ያውቃልና።

በ1971 ከኖርዌይ የብረትና የብረታ ብረት ሠራተኞች ማኅበር ጋር ሥራ ጀመረ። በመጀመሪያ እንደ ማንኛውም ተመራማሪ ጥናት አጥንቶ፣ ወፍራም ዘገባ ጽፎ ለማኅበሩ ሊያስረክብ አስቦ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ግን ዘገባው መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ እንደሚቀር ገባው፤ ሠራተኛው ያላሰበበትን ዕውቀት ሌላ ሰው ጽፎ ቢሰጠው ኃይል አይሆነውም። ስለዚህ የሥራውን ውጤት ትርጉም ለወጠ። ውጤት የሚባለው የተመራማሪው ጽሑፍ መሆኑ ቀርቶ በየፋብሪካው ያለው የሠራተኞች ክበብ በራሱ ተነሥቶ የሚያደርገው ነገር ሆነ። በኮንግስበርግ የጦር መሣሪያ ፋብሪካና በሌሎች ጥቂት ቦታዎች ሠራተኞቹ ከሥራ በኋላ እየተሰበሰቡ፣ አለቆቹ ሊያስገቡት ያሰቡት የኮምፒዩተር ዕቅድ ምን እንደሚል፣ የእነርሱን ሥራ በምን ዓይነት መደብ እንዳስገባው መረመሩ፤ ለእነርሱ የሚሆን መማሪያ መጽሐፍም ተዘጋጀ። ባለ ብረት ሠራተኛው የተጻፈለትን ሥዕል አይቶ፣ ይህ ሥራዬ አይደለም፣ ሥራዬ እንዲህ ነው ለማለት በቃ።

ነገሩ ወረቀት ሆኖ አልቀረም። በ1975 በአገሪቱ የሠራተኞችና የአሠሪዎች ማኅበራት መካከል ስለ ኮምፒዩተር አሠራር ስምምነት ተፈረመ፤ ሠራተኞች አዲስ አሠራር ከመግባቱ በፊት እንዲነገራቸው፣ በሚገባቸውም ቋንቋ እንዲነገራቸው፣ የራሳቸውንም የኮምፒዩተር ጉዳይ ተጠሪ እንዲመርጡ ተፈቀደ። በ1977 የወጣው የሥራ አካባቢ ሕግም ይህን መብት አስገባ። እኔ እንደማስበው፣ ከሲሙላ ይልቅ ይህኛው ሥራ ለማስተማሪያ ይገባ ነበር፤ ነገር ግን መደብን ከመደብ የሚያወርሱ መጻሕፍት ይህን ምዕራፍ አይጽፉትም።

የዚህ ሰው ጉልበት አያልቅም ነበር። በዴንማርክ ኦርሁስ አስተማረ፤ ከዚያ ወጣቶች ጋር ቤታ የተባለውን ቋንቋ ሠራ፤ ከ1977 ጀምሮም በኦስሎ ፕሮፌሰር ነበር። በ1990 ደግሞ አገሩ የአውሮጳ ኅብረት አባል እንዳትሆን የሚታገለው ድርጅት ሊቀ መንበር ሆነ። ድርጅቱ ከ140 ሺህ በላይ አባላት ነበሩት፤ ለዚያች አገር ሕዝብ ቁጥር ይህ እጅግ ብዙ ነው። በኅዳር 1994 በተደረገው የሕዝብ ውሳኔ 52.2 ከመቶ የሚሆነው አይሆንም አለ። ውሳኔው ልክ ነበር አልነበረም የእኛ ክርክር አይደለም። ሰልፍን በሰሌዳ ላይ የሣለው ሰው የሰውን ሰልፍ በአደባባይ ማሰለፍም እንደሚያውቅበት ግን ታየ።

ክብሩ ዘግይቶ መጣ። በኮምፒዩተር ዕውቀት ትልቁ የሆነው የ2001 የቱሪንግ ሽልማት ለዳልና ለኒጎርድ በአንድነት ተሰጠ። ዳል ታሞ ነበርና በሰኔ 29 ቀን 2002 ዐረፈ። ኒጎርድ ጓደኛውን ከቀበረ ስድስት ሳምንት ያህል ቆይቶ በነሐሴ 10 ቀን በልብ ድካም በድንገት ሞተ፤ ሰባ ስድስት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀን ቀርቶት ነበር። በኦስሎ የኮምፒዩተር ትምህርት የሚሰጥበት ቤት በዳል ስም፣ በኦርሁስ ያለው በኒጎርድ ስም ተጠርቷል።

ሲሞት በእጁ የነበረው ሥራ ለጀማሪ ተማሪዎች ስለ መደብና ስለ ነገሮች እንዴት ይማሩ የሚል ነበር። በዚያ ሥራ አጥብቆ የሚከራከርበት አንድ ነገር ነበረው። ለጀማሪ ትንንሽ፣ ባዶ ምሳሌ መስጠት ይጎዳዋል ይል ነበር፤ ከመጀመሪያው ቀን ብዙ ሰው የሚተራመስበት፣ አንዱ ሌላውን የሚጠብቅበት፣ ውስብስብ ቦታ ይሰጠውና ከዚያ ውስጥ መደቦቹን ራሱ ይለይ ባይ ነበር። ሰባተኛን አላያትም።